በፍቺ የማለው ፀጉር አስተካካይ

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አበው። አበው ግን ሐርጌሳ መጥተው እኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ቀን አልዋሉም። እዚህ በሽታን የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ አይደለም። ሚስቱ፣ እናቱ፣ አጎቱ፣ የአጎቱ ጎረቤት ሳይቀር ተሰልፈው ይደብቁለታል። እግሩ የተሰበረ ሰው ብቻውን አይመጣም። ዘመድ አልጋውን ከብቦ ይቆምና ሐኪሙ ለሚጠይቀው ሁሉ እሱ አፉን ሳይከፍት ይመልስለታል። "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ሲባል እንኳ በጣታቸው የሚያመለክቱት አጎትየው ናቸው።

የሲጋራው ጥያቄ ሲመጣ ችግር የለም፤ እንዲያውም ሳቅ ነው። "ያጨሳል?" ሲባል ሚስት ትቀድምና "ማጨስ ብቻ! ከእንቅልፉ የሚነሳው እኮ ለመለኮስ ነው!" ብላ የቆየ ቂሟን ትወጣለች፤ ሰውየውም እያፈረ ይስቃል። የመጠጡ ጥያቄ ሲመጣ ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። መጠጥ በሃይማኖት ሐራም፣ በሕግም ክልክል በሆነበት አገር ሰውን በዘመዶቹ ፊት "ትጠጣለህ?" ማለት ስድብ ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "አስተግፊሩላህ! ወላሂ በአፌ ዞሮ አያውቅም።"

አንዴ ወላሂ ካለ በኋላ ሰውየው ተቆለፈ ማለት ነው። ኋላ ላይ እውነቱን ልናገር ቢል መጠጣቱን ብቻ ሳይሆን በሐሰት መማሉንም ሊናዘዝ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል፤ እኛም ባላወቅነው ነገር ቢላዋ እናነሳለን።

እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ግን ድሬዳዋ ነው። ቤተሰቦቼ ሐርጌሳ በፈረሰችበት ጦርነት ጊዜ ይዘውኝ ተሰደዱ፣ ነርስነቱንም እዚያው ተምሬ ተመለስኩ። ሶማሊኛዬ ላይ የድሬ ልጅ ዜማ ስላለበት ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። አማርኛዬ ግን ሥራ አበዛብኝ። ከኢትዮጵያ የመጣ ግንበኛ፣ አስተናጋጅ ወይም መካኒክ በገባ ቁጥር "ሐበሻዋን ጥሯት" ይባላል። ሐበሻ አይደለሁም እያልኩ መከራከሩን ከተውኩ ቆየሁ።

ከዓመታት ወዲህ የራሴ አሠራር አለኝ። ያንን ጥያቄ ዘመድ ባለበት አልጠይቅም። አንዱን ውሃ እንዲገዛ እልካለሁ፣ ሌላዋን ትራስ እንድታመጣ፤ የሚላኩበት ነገር ሲያልቅብኝ ደግሞ ፈጥሬ እልካለሁ። ሲወጡልኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እልና "ትጠጣለህ ወይ?" ሳይሆን "ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው መቼ ነው?" እላለሁ። የማይጠጣ ሰው ይቆጣኛል። የሚጠጣ ሰው ያስባል። ያሰበ ሰው ደግሞ መልሱን ሰጠኝ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማደርገው ነገረኛ ስለሆንኩ አይደለም፤ ነገረኛ መሆኔ እንዳለ ሆኖ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እናቱ ባሉበት ተጠይቆ፣ ምሎ፣ ሆዱ ተከፍቶ ተሠራለት። ሰውነቱ ከለመደው መጠጥ በድንገት ሲለይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል አለ። ከዚያ የተሰፋውን ቁስሉን በገዛ እጁ ሊተረትር ታገለን። ነገሩ የገባን ከዘገየ በኋላ ነበር፤ ሰውየው ሞተ። እናቱ እስከ ዛሬ የገደለው የሆዱ ሕመም ይመስላቸዋል፣ እኔም እንደመሰላቸው እንዲኖሩ እፈልጋለሁ።

ፀጉር አስተካካዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 31 ሜይ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው የወሎ ልጅ ነው። የተሳፈረባት ባጃጅ ተገልብጣ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰብሮ ነበር። አብራው ሚስቱ አለች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን ሥራ የማይፈታ ሴት። ቀጥሎ ታላቅ ወንድሟ ደረሰ። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከሱቁ እየሮጠ ስለመጣ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ወደዚህ አገር ቀድሞ የመጣ እሱ፣ እህቱን ያስመጣ እሱ፣ ለፀጉር አስተካካዩም የዳረለት እሱ ነው። ፊቱ ሳቅ የሚባል ነገር የማያውቅ ሲሆን ባየሁት ቁጥር ሻሼን አስተካክል ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የነበረው ወጣት ዶክተር ቁስሉን አጥቦ፣ እግሩን በጀሶ ደግፎ፣ እንደ ደንቡ ጠየቀ። ሲጋራ? አማችየው "ጫት ሲቅም ያጨሳል" ብሎ መለሰለት። መጠጥ? አማችየው ለዚህኛው አልመለሰም፤ ዞሮ ፀጉር አስተካካዩን አየው። "ወላሂ በአፌ አይዞርም!" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሕመሙ በላይ ጮኾ። አጥንቱን በብረት የማያያዙ ሥራ ለማግስቱ ተቀጠረ።

ማለዳ ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እጆቹን ነው። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንኳ ግማሹን ደረቱ ላይ አፍስሶታል። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል፣ የልቡ ምት ይጋልባል።

"ብርድ ነው ሲስተር" አለኝ።

"ብርድ ያላበው ሰው ዛሬ አየሁ" አልኩትና ዘመቻዬን ጀመርኩ። አማችየውን ውሃ ግዛ ብዬ ላክሁት፤ ሚስትየውን ትራስ ፈልጊ አልኳት። ሲወጡ ቁጭ ብዬ በአማርኛ ጠየቅሁት።

"ወንድሜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣኸው መቼ ነው?"

አሰበ።

ከዚያ ማሰቡን እንዳየሁበት አየና ፊቱ ከሰል መሰለ። "ሲስተር፣ በአላህ ተይኝ። እኔ በፍቺ ነው የማልኩት" አለኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ አገር ወንዱ ቁርጥ ያለ ቃል ልስጥ ሲል በፍቺ ይምላል፦ "ይህን ባደርግ ሚስቴ የተፈታች ትሁን።" ያንን ነገር ካደረገው፣ ብዙ ሰው እንደሚያምነው፣ ፍቺው በዚያችው ቅጽበት ይጸናል፤ ዳኛም ወረቀትም አያስፈልገውም። በዚህ መሐላ ወንዶች እንደ ዋዛ ሲጫወቱበት እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ሰው ምሳ ለመጋበዝ እንኳ በሚስቱ ይምላል። እጅግ ያናድደኛል።

ፀጉር አስተካካዩ ግን እንደ ዋዛ አልነበረም የማለው። ወደዚህ ከተማ ሲመጣ ጫት መቃም አበዛ። ከጫቱ በኋላ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ደግሞ አገር ቤት እንደለመደው ጨብሲ፣ የምርቃና መስበሪያ መጠጥ፣ አማረው፤ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል በላስቲክ ጠርሙስ ተደብቆ የሚገባ ጂን አለ። አንድ ቀን ሰክሮ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። አማችየው እህቱን ሊወስድ መጣ። እሷ ሕፃኑን አዝላ፣ ልብሷን ሸክፋ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ይህ ሰው የአማቹን እጅ ይዞ "ሁለተኛ ከጠጣሁ እህትህ የተፈታች ትሁን" ብሎ ማለ። አማችየው ቃሉን ተቀበለና የእህቱን ጓዝ መልሶ ወደ ቤት አስገባው።

"ሳልጠጣ ሰነበትኩ" አለኝ፣ ጣሪያውን እያየ። "እውነቴን ነው፣ ሰነበትኩ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ምላጩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሰው ጉሮሮ ነው የምላጨው ሲስተር። ለእጄ ብዬ ትንሽ ቀመስኩ። ከዚያ ትንሿ አደገች። ሱቄ ውስጥ ጢም ከላጨሁ በኋላ የምቀባው ኮሎኝ አለ፤ በዚያ ጠርሙስ ነው የማስቀምጠው። ቤት ይዤ ገብቼ አላውቅም።"

"ሚስትህ ታውቃለች?"

"ብታውቅ ከእኔ ጋር ትኖር ነበር?"

በግልጽ ነገርኩት። እንደዚህ ሆኖ ሳናክመው ከተኛ መንቀጥቀጡ ይብሳል፣ ይጥለዋል፣ አእምሮው ይዛባል፤ የተሠራውን እግር ራሱ ሊያበላሸው ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ለዶክተሩ ከተነገረ ግን መድኃኒት አለው፣ ቀጠሮው ለጥቂት ቀን ይገፋል፣ አለቀ። የሹፌሩን ነገርም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እግሬ ይቅር ሲስተር" አለኝ። "በአንድ እግሩ ቆሞ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። እሷን ግን ከየት አመጣለሁ?"

ይህን ሲል አንጀቴን በላው። ለዶክተሩ ብቻ በጆሮው እነግረዋለሁ አልኩት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነቱንም ነበር። እኛ ጋ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣው አስታማሚው ነው። ለቀዶ ሕክምናው የሚፈርመውም፣ ማዘዣውን ይዞ የሚሄደውም አማችየው ነው፤ ጠያቂ ሰው ስለሆነ ፋርማሲስቱን "ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?" ሳይል አይከፍልም። "እንዳትናገሪ በአላህ ይዤሻለሁ" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ የጋውኔን ጫፍ ጨብጦ።

እኔ ለሰው ሕይወት ስል ብዙ መሐላ አፍርሻለሁ፤ ይህንንም ለማፍረስ ተነሳሁ። ዶክተሩ ከሌላ በሽተኛ ጋር ነበርና እስኪጨርስ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እንዴት አድርጌ ብነግረው የዚህ ሰው ቤት ሳይፈርስ እንደሚተርፍ እያሰብኩ ሳለ ሚስትየው ትራሷን ታቅፋ መጣች። አጠገቤ ቆማ ፊቴን አነበበች።

"ነገረሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

"ሲስተር፣ ባሌ ኮሎኝ አንገቱ ላይ አይቀባም። ትንፋሹ ግን ኮሎኝ ኮሎኝ ይላል።" ትራሱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "ከስንት ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ መሰለሽ። ግን ካወቅሁ ተፈታሁ። ካላወቅሁ ባሌ ነው። ስለዚህ አላወቅሁም።"

እሱ እሷን እንዳያጣ ሲደብቅ፣ እሷ እሱን እንዳታጣ ያየችውን እንዳላየች ስትሆን፣ በአንድ ትራስ ላይ ተኝተው ስንት ሌሊት አንግተዋል።

"ካልተነገረ ይሞታል?" አለች።

"ሊሞት ይችላል።"

"ከተነገረስ?"

"ኢንሻአላህ ይድናል።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። በዚህ መሐል ዶክተሩ ወጣ፤ አማችየውም ውሃውን ይዞ ደረሰ። ዶክተሩ ማብራሪያውን ሰጠውና እንዲፈርም እስክሪብቶ አቀበለው። አማችየው "ቢስሚላህ" ብሎ ጎንበስ ሲል እህቱ ወደ ፊት ተራመደች። በዚያ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

"ዶክተር፣ ባሌ ይጠጣል። በየቀኑ ይጠጣል። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ግን አልጠጣም" አለች።

አማችየው ቀና አለ። "አንቺ፣ ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ?" አላት በአማርኛ።

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ያ መሐላ..."

"ተፈትቻለሁ። በቃ ወንድም ጋሼ፣ ተፈትቻለሁ። አሁን መድኃኒቱን ግዛለት።"

በሕይወቴ ብዙ ጀግና አይቻለሁ፣ አብዛኛው ጯሂ ነው። ይህቺ ሴት ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። በሩ ክፍት ስለነበር ፀጉር አስተካካዩ ሁሉንም ሰምቷል፤ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ስቦ ሲንሰቀሰቅ አልጋው ይነቃነቅ ነበር። ዶክተሩ ሁለቴ አላሰበም፣ ቀጠሮውን ሰርዞ ማዘዣ ጻፈ። አማችየው ማዘዣውን ይዞ ለአፍታ ቆመ። ይወረውረዋል ብዬ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አጥፎ ኪሱ ከተተውና በፈጣን እርምጃ ወደ ፋርማሲው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ፤ ዛሬ ሳስባቸው ግን ፈገግ የሚያሰኘኝ ነገርም አላቸው። ሚስትየው ተፈትቻለሁ ካለች በኋላ እንደ ተፈታች ሴት ሆነች። ክፍሉ ውስጥ መግባት ተወች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከበሩ ውጭ መሬቱ ላይ ትቀመጣለች፤ ሾርባውን በእኔ እጅ ትልካለች። ስወጣ "ሰውየው በላ?" ትለኛለች። ባሌ አትልም፣ ስሙንም አትጠራም። ሰውየው ሆነ።

"ሰውየው ሾርባው ጨው አነሰው ብሏል" አልኳት አንድ ቀን።

"ጨው ለተፈታ ሰው አይታዘዝም በይው" አለችኝና ፊቷን አዞረች። ማግስቱን ግን ሾርባው ጨው ነበረው።

ሰውየው መድኃኒቱና ግሉኮሱ እየገባለት እንኳ አእምሮው ትንሽ ሳተ። እንደ ሹፌሩ ጉንዳን አላየም፤ እሱ ሱቁ ውስጥ ነበር። ሁለት ጣቱን እንደ መቀስ እያፋጨ አየሩን ይቆርጣል፣ ያልያዘውን ማበጠሪያ ያራግፋል፣ "ጎንና ጎኑን ላሳጥረው?" እያለ ይጠይቃል። ቢያርፍ ብዬ እጁን ልይዝ ስል አማችየው ከለከለኝ። ያ ሳቅ የማያውቅ ሰው ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሚንቀጠቀጡት ጣቶች ሰጣቸው።

"አዎ፣ አሳጥረው" አለ።

"ከኋላስ?"

"ከኋላም። አብሽር፣ ቀስ ብለህ ሥራ፤ አልቸኩልም።"

ፀጉር አስተካካዩ በባዶ እጁ ሲቆርጥለት፣ ሲያበጥርለት፣ በመጨረሻም አንገቱን "በጤና" ብሎ መታ ሲያደርገው አየሁ። መድኃኒት የማዘጋጅ መስዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አማችየው በዚያ ቀን ብቻ ስንት ጊዜ ፀጉሩን እንደተቆረጠ እንጃ።

አእምሮው ሲመለስለት፣ እጁም ረጋ ሲል ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፤ አልሐምዱሊላህ፣ በደንብ ሄደ። ዶክተሩ አጥንቱ እንዲገጥም ከፈለገ ሲጋራውንም እንዲተው ነገረው። ለዚህ ምንም መሐላ አልተጠየቀም፣ ላይተሩን ብቻ ወሰድኩበት። የእኔ ጋውን ኪስ የላይተር ሱቅ ነው። በክራንች እያነከሱ ወጥተው ከዛፉ ሥር የሚያጨሱትን ወንዶች እያሳደድኩ የሰበሰብኳቸው ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ሌሎቹ "አንዷን ብቻ ሲስተር" ብሎ አልለመነኝም። በሩን እያየ ነበር የሚውለው።

"እሷ አለች?" ይለኛል።

"ማን?"

"ሴትየዋ።"

እሱም ሴትየዋ ይላት ጀመር። በሁለቱ መሐል እየተመላለስኩ መልእክት ማድረስ ሰለቸኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስም ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አማችየው የሰፈራቸውን መስጊድ ሼህ ይዞ መጣ። ጢማቸው በሒና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ያንን ጢም ሲያቀላ የኖረው ይኸው ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ያወቅሁት ሲጨባበጡ ነው። ሼሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዚያች ቀን የተናገረውን ቃል በቃል እንዲደግም ጠየቁት። ስንት ጊዜ እንዳለው፣ ሲል በልቡ ምን እንደነበረ ጠየቁት።

"እንዳትሄድብኝ ነበር ሼህ። ልፈታት አይደለም፣ እንዳትሄድብኝ ነው" አለ።

"በዚህ ዑለማዎች ይለያያሉ" አሉ ሼሁ። "ለጥርጥሩ ግን ኒካሑን፣ የጋብቻ ውሉን፣ እናድሰው። አንተም ለውሸት መሐላህ ድሃ አብላ፣ ተጸጽተህ ተውበትም አድርግ።" ከዚያ ጢማቸውን እያሻሹ "እኔኮ ጠዋት ስመጣብህ ከሰዓት ና የምትለኝ ሥራ በዝቶብህ ይመስለኝ ነበር" አሉት። አጠገቡ የተኛው እግሩ የታሰረ ሽማግሌ በሳቅ አለቀ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አንገቱን ደፋ።

አማችየው እህቱን የሚድር ወልይ፣ አጠገቡ የተኛው ሽማግሌና ሊጠይቀው የመጣው ልጁ ምስክር ሆኑ። ሼሁ ወደ በሩ ጮክ ብለው መህሯ፣ ጥሎሿ ማለት ነው፣ ምን እንዲሆን ጠየቁ።

"ሁለተኛ እንዳይምልልኝ" የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ።

"እሱ ሸርጥ፣ የቃል ግዴታ ነው ልጄ። መህር በእጅ የሚሰጥ ነገር ነው።"

"እንግዲያው አንድ ሻሽ። ግን እንዳይምልልኝ። ቢጠጣም ባይጠጣም አይማልልኝ። ይንገረኝ ብቻ።"

ተስማሙ፤ ዱዓ ተደረገ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እኔ ስጠይቀው በተቀመጥኩባት ቦታ፣ ተቀመጠች። አልተቃቀፉም፣ ሰው አለ። ትራሱን ብቻ ከራሱ ሥር አስተካከለችለት። እኔ ብዙ ሠርግ ላይ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለቀስኩበት የለም።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስለ እሱ ብዙ አልሰማሁም። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ካለው ቤቴ 31 ሜይ ወዳለው ሱቁ ለመሄድ ባጃጅ መያዝ ነበረብኝ፣ እኔ ደግሞ ሰው አሳድጄ የምጠይቅ ሴት አይደለሁም። ሱቁን እንደከፈተ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደሚሠራ ብቻ ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ኒካሕ እንደማያልቅ ግን ከሥራዬ አውቃለሁ። ሰው ይተዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይተዋል። የሚያስፈራኝ መመለሱ አልነበረም። የሚያስፈራኝ ተመልሶ መደበቁ ነበር፤ እንደገና ቢሰበር፣ እንደገና ቢታመም፣ ያ ቁልፍ እንደገና ይቆለፍበታል። እሷም እንደገና አላወቅሁም ልትል ነው።

በቀጠሮው ቀን በአንድ ክራንች እየተደገፈ መጣ። ሚስቱ ሕፃኑን ይዛ፣ አማችየውም ኋላቸው ሆኖ ገቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማንንም ወደ የትም ለመላክ ጊዜ አላገኘሁም። ያው ወጣት ዶክተር የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየና አጥንቱ እየገጠመ መሆኑን፣ ቢሆንም የቀረው እንዳለ ነገራቸው። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠየቀ።

"ሲጋራ?"

"ጫት ስቅም አንድ ሁለት ትገኛለች" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ድሮ ፓኮ ነበር።"

"መጠጥ?"

እንደ ድሮው ክፍሉ ጭጭ አለ። አማችየው እጁን አጣምሮ ወለሉን ያያል። ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። በል ተናገር፣ በል እንዳትምል እያልኩ ነው በልቤ።

"ባለፈው ሳምንት ጠጥቻለሁ ዶክተር" አለ። "አንድ ቀን።"

ዶክተሩ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ። ሳያስበው ዞሮ ሚስትየውን አየ፤ ሁላችንም አየናት። እሷ የሕፃኑን ሹራብ ቁልፍ እየቆለፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ነግሮኛል" አለች። "ይቀጥሉ ዶክተር።"